ዝናብ ያስለቀቀው ከል

በጡረታ የተሰናበትኩ ዕለት የፍኖተ ሰላም የእጅ ሥራ ቤት አስተዳዳሪ ፈታዮቹንና ሸማኔዎቹን ሰብስቦ፣ «እስቲ ወይዘሮ እናኑ፣ ከመሄድዎ በፊት ለልጆቹ አንድ ነገር ይበሏቸው» አለኝ። በእጁ ሲሠራ ለኖረ ሰው በአፍ መናገር ከባድ ነው። ብድግ አልኩና «እጃችሁን ቅቤ ቀቡት፤ ቆዳ ሲሰነጠቅ ቀለም ይገባበታል» ብዬ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሳቁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ጠላ ጠጣን፣ መርቄያቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወሩን ጠብቆ ይመጣ ነበር፤ በዚያ አላማርርም። ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቀለሙ በቆርቆሮ ሆኖ ከሱቅ መጣ። ውኃ አፍልተው ዱቄቱን ይበትኑበታል፣ ወዲያው ቀይ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ሰዎች «ያ ሁሉ ሙያሽ ሲቀር አያሳዝንሽም ወይ?» ይሉኛል። አያሳዝነኝም። ቅርፊት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ጀርባ፣ ረግረግ ውስጥ ቆሞ ያረጀ ጉልበት እንዴት ያዝናል? እግዜር ይስጣቸው ነው ያልኩ።

ያን ዕለት ለልጆቹ ሳልነግራቸው የቀረሁት አንድ ነገር ግን አለ። በጣሊያን ጊዜ በዚህ አገር «ቀለሟ የሚለቅ እናኑ» እየተባልኩ እጠራ ነበር። ቀለም ነክሮ ለሚያድር ሰው ከዚህ የከፋ ስም የለም። ስሙ እንዴት እንደወጣልኝና እንዴት እንደተነሳልኝ ልንገራችሁ።

ባሌ ሸማኔ ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጥጥ ሊገዛ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ ብዙም አልቆየ። ልጅ አልነበረንም። እንደ አገሩ ደንብ ከል ላስነክር፣ ማለት ነጭ ልብሴን ለሐዘን ጥቁር ላስደርግ፣ ነጠላዬንና ቀሚሴን ይዤ ላህ ወንዝ ዳር ወደሚኖሩ አንዲት መነኩሲት ሄድኩ። እማሆይ ወለተ ኪሮስ ይባላሉ። ጎጇቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ወንዙ እጥፍ በሚልበት ላይ ናት። የመነኮሳቱን ወይባ፣ ያን ቢጫ የምንኩስና ልብስ፣ የሚነክሩ እሳቸው ናቸው። የምንጣፍ ክርም፣ የሐዘንተኛ ከልም ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጣላቸዋል።

ነጠላዬን ተቀበሉኝና ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው «የማን ነው?» አሉኝ። የኔ ነው አልኳቸው።

«ልብሱንማ አየሁት። የምታለቅሽለትን ነው የምጠይቅሽ።»

የባሌን ስም ነገርኳቸው። የክርስትና ስሙንም ጠየቁኝ፤ እሱንም ነገርኳቸው። ስሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩና «ነፍሱን ይማር» ብለው፣ ያን ጊዜ ነው ጨርቁን ጋኑ ውስጥ የከተቱት። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያየኝ ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል እንጂ ስሙን የጠየቀኝ አልነበረም። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከሉ እስኪደርቅ ብዬ የተቀመጥኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ከል መንከር ትዕግሥት ይፈልጋል። የግራር ቅርፊት ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ ይፈላል። እማሆይ መድረሱን በምላሳቸው ነበር የሚያውቁ፤ ምላስን ጭምድድ ካላደረገ እሳቱ አይወጣም። ጨርቁ ገብቶ ሲወጣ እንደ ለፋ ቆዳ ቡናማ ነው። የማያውቅ ሰው ሲያየው «ጥቁሩ ይኸ ነው?» ብሎ ያዝናል። ጥቁሩ የሚመጣው ከጭቃ ነው። ረግረግ መሀል፣ ውኃው ላይ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ ነገር የሰፈፈበት ቦታ ይፈለጋል፤ ብረት ያለው ጭቃ እዚያ ነው። ቡናማው ጨርቅ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ዓይናችን እያየ ይጠቁራል። እስከ ማግስቱ ይቀበራል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ቅርፊቱ፣ እንደገና ጭቃው። ከቸኮሉ ቀለሙ ይለቃል፤ ከዘገዩ ጭቃው ጨርቁን ይበላዋል። ልኩን ያገኘ ከል ግን ዝናብም ፀሐይም እንዶድም አያስለቅቀው። «የኛ ጥቁር ከጨርቁ ጋር ነው የሚያረጅ» ይሉ ነበር እማሆይ።

ጋን አጠገብ ሐሜት አይወዱም። የሰው ስም በክፉ ያነሳ ሰው ቢኖር «አንተ፣ እስቲ ውኃ ቅዳልኝ» ብለው ወደ ወንዝ ይሰዱታል፤ ሲመለስ ወሬው በርዷል። ማማሰያቸውን ለማንም አያውሱም። ሥራው አለቀ ሲሉ ደግሞ የመጨረሻውን እጣቢ ከጨርቁ ጨምቀው በራሳቸው ነጭ ነጠላ ጫፍ ላይ ጠብ ያደርጉታል። ጫፉ ነጭ ሆኖ ከቀረ ልብሱ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ትንሽ ካደፈ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ስም ሳይጠይቁ ከል ሲነክሩ አላየኋቸውም። የጠቢብም የለማኝም፣ የሕፃንም ቢሆን ስሙን ጠርተው ነው።

እኔ ሥራውን ለምጄ ጭቃውን ብቻዬን ማውጣት በጀመርኩበት ጊዜ ጣሊያን ገባ። ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራ። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ገና በዚህ ስሙ አልተጠራም ነበር፤ ከዚያ እስከ ቡሬ ያለው መንገድ ሁሉ የባንዳ መመላለሻ ሆነ። ከየቤቱ ወንዱ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ቤቴ አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ነጭ ነጠላ ይዘው የሚመጡ ሴቶች በዙ። አንዳንድ ቀን እማሆይ ጋኑ ፊት ቆመው የሚጠሩት ስም አያልቅም። እንጀራዬ ከሰው ሞት የሚጋገር መስሎኝ ሥራውን የጠላሁት በዚያ ዘመን ነው።

የቡሬው ምሽግ አንድ ክፉ ልማድ አወጣ። ዱር የገባ ሰው በሕይወት አለ ከተባለ ሚስቱና ልጆቹ ተወስደው ይታሰራሉ፤ እሱ እጁን እስኪሰጥ አይለቀቁም። እጁን የሰጠውም ብዙ ጊዜ ይሰቀላል። ሞቷል ከተባለ ግን ቤቱን ይተዉታል። ስለዚህ ባንዳ መንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሴቶቹን ልብስ ነበር።

አንጓች የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ከላህ ማዶ ያለች ወጣት ናት፤ በገበያ አውቃታለሁ። ባሏ ይስማው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ዱር የገባ ነው፤ በቆላው በኩል ውጊያ ላይ ወደቀ የሚል ወሬ ሰሞኑን ተሰምቶ ነበር። አራስነቷን ገና መጨረሷ ነው፤ ሕፃኑን አዝላ፣ ነጠላና ቀሚሷን አጣጥፋ ይዛ መጣች። እማሆይ እንደ ልማዳቸው ልብሱን ክንዳቸው ላይ ጣል አደረጉና የክርስትና ስሙን ጠየቋት።

አንጓች አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። እማሆይ ጠበቋት። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተነጫነጨ፤ እሹሩሩ እያለች ዓይኗን ወደ ወንዙ መለሰች። ስሙን መናገር አቃታት።

እማሆይ ነጠላውን ከክንዳቸው አወረዱ፣ መልሰው አጣጠፉት፣ ጉልበቷ ላይ አኖሩላት። «ልጄ፣ ይኸ ጋን የለመደው የሙት ስም ነው» አሏት ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ ተናገረች። ይስማው እግሩን ቆስሎ አንድ ዋሻ ውስጥ ተኝቷል። ሞተ የሚለውን ወሬ ያስወሩት ጓደኞቹ ናቸው። የባንዳው አለቃ፣ ግራዝማች እያሉ የሚጠሩት ከዚያው ከቡሬ አካባቢ የተገኘ ሰው፣ በዚያ ሳምንት ወደ መንደሩ እንደሚመጣ ተሰምቷል።

«እኔን ከወሰዱኝ እሱ ይመጣል» አለች። «በአንድ እግሩ እየዳኸም ቢሆን ይመጣል፤ አውቀዋለሁ። እማሆይ፣ ሞተ ካልተባለ ይሞታል።»

እማሆይ ግን አልነክርም አሉ። በቁሙ ባለ ሰው ላይ ከል መንከር ሟርት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያላደረጉትን በስተርጅና እንደማያደርጉ ነገሯት። እኔ ተቆጣሁ። ጨርቅ ጨርቅ ነው፣ ቀለምም ቀለም ነው፣ ልጅቱን ለባንዳ አሳልፈን ልንሰጥ ነው ወይ ብዬ ከዚያ በፊት ተናግሬያቸው በማላውቀው ቃል ተናገርኳቸው። እሳቸው በትራቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ ከቅጽሩ ሥር ተቀምጠው እዚያው ዋሉ። አንጓች ልብሷን ታቅፋ ከኔ ጋር ቀረች።

ሲመለሱ ፊታቸው ቀለል ብሎ ነበር። «እናኑ፣ አጋም ለቅመሽ ነይ» አሉኝ።

አጋም! ልጆች ከንፈራቸውን የሚያጠቁሩበት የጫካ ፍሬ ነው። እንኳን ለልብስ ለክርም ነክረንበት አናውቅም፤ ውኃ ሲነካው ይሄዳል። ለመጠየቅ ግን አልደፈርኩም። በስሎ ጊዜው ነበርና በቅርጫት ሙሉ ለቅሜ አመጣሁ። ጨመቅነው። እማሆይ ከጋኑ ቂጥ ጥላሸት ፍቀው ከጭማቂው ጋር ለወሱት፣ ትንሽ የግራር ሙጫ ጨመሩበት። ነጠላው ገብቶ ሲወጣ ከእውነተኛው ከል ይበልጥ ጠቁሮ፣ እንደ ቁራ ላባ ሰማያዊ እያለ ወጣ።

«ይኸ ከል አይደለም፣ ጥላ ነው» አሉን። «ፀሐይ ሲወጣ ጥላ የት ይሄዳል?»

ሲነክሩትም ስም አልጠየቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታዬ፣ አንተ የምታውቀውን፣ ባለበት ጠብቀው» ብቻ ነው ያሉት። በነጠላቸው ጫፍም አልሞከሩትም። አንጓችን ልብሱን እንዳታጥበው፣ ከውኃም እንድትጠነቀቅ አስጠነቀቋት። ወቅቱ በጋ ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ ነበር።

አንጓች ከል ለበሰች። መንደሩ ተሰብስቦ አለቀሰ፤ አብዛኛው ሰው እውነት መስሎት ነው። እሷም ያለቀሰችው በሐሰት አልነበረም፤ የነበራት ፍርሃት ለእንባ ይበቃ ነበር። የነፍስ አባቷ ምሥጢሩን ያውቃሉ፤ ለሕያው ሰው ፍትሐት አይደረግምና አጥንቱ እስኪመጣ እንጠብቅ ብለው ነገሩን በዘዴ አቆዩት። ግራዝማቹ መጣ፣ ልብሷን አየ፣ ሄደ። በልቡ ግን የቀረ ነገር ነበረው መሰለኝ፣ በመጪው ገበያ ቀን ከመንደሩ አለቃ ከጭቃ ሹሙ ጋር ቡሬ መጥታ በጣሊያኑ ሹም ፊት ቃሏን እንድትሰጥ አዘዘ። እማሆይ «ብቻዋን አትሂድ» ብለው ከሷ ጋር ሰደዱኝ።

ማለዳ ተነስተን ሄድን። ምሽጉ በር ላይ ብዙ ሰው ይጠብቃል፤ ገበያው ከበሩ ብዙ አይርቅም። ከበሩ ፊት ለፊት እህል ዘርግተው ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ወይዘሮ ደብሬ ነበሩ። ባላቸውና የመጀመሪያ ልጃቸው በአንድ ውጊያ የሞቱባቸው የቡሬ ሴት ናቸው። የእሳቸውን ከል እማሆይና እኔ ነን የነከርነው፤ ሁለቱን ስም ስንጠራ እማሆይ ድምፃቸው ተቆራርጦ ነበር። በዓይን ሰላምታ ሰጠኋቸው።

ፀሐይ ነበር። ከዳሞት በኩል ደመና እንዴት እንደመጣ አላየሁም። ነፋስ ተነሳ፤ ገበያተኛው እህሉን መሸፈን ጀመረ። ከዚያ ያን የመሰለ በበጋ ታይቶ የማይታወቅ ዝናብ ወረደ። መጠለያ የለም፤ ተራችንን ትተን እንዳንሸሽ ጭቃ ሹሙ ዓይኑን አፈጠጠብን።

መጀመሪያ ያየሁት የአንጓችን ክንድ ነው። እንደ ወይን ጠጅ ያለ ነገር ከክርኗ ወደ ጣቶቿ ይወርዳል። ቀጥሎ እግሯ፤ በባዶ እግሯ ዙሪያ ያለው ውኃ ጠቆረ። ሕፃኑ የታዘለበት ነጭ ጨርቅ መስመር መስመር ሆኖ ጎደፈ። ትከሻዋ ላይ ነጠላው እየነጣ መጣ። አንጓች ወደኔ ዞራ አየችኝ።

ግራዝማቹ ከበሩ ወጣ። መሬቱን አየ፣ እሷን አየ። «ይኸ ምንድን ነው?» አለ።

ምን እንዳሰብኩ ዛሬም አላውቀውም። ወደፊት ወጣሁና የነከርኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ቅርፊት አልቆብኝ ነው፣ ድሀ ስለሆነችም ብዙ አልከፈለችኝም፣ በአጋም አጨማልቄ ሰጠኋት አልኩት። እሱ እኔን ትቶ ወደ አንጓች ጠጋ አለ።

«ባልሽ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

አንጓች ሕፃኑ የታዘለበትን ጨርቅ ጠበቅ አደረገች። ስሙን እንዳትናገር ያደረጋት ያ ነገር እንደገና ያዛት፤ አየሁት። አንድ ቃል ካልወጣት እዚያው ማለቃችን ነው።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ደብሬ እህላቸውን ለዝናብ ትተው መጡ። እንደ መጡ በጥፊ አጮሉኝ። «በሙት ልብስ ትቀልጃለሽ?» አሉኝ። ሁለተኛ መቱኝ። ከዚያ የራሳቸውን ከል ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው አንጓችን ከነልጇ ጠቀለሏት። ዝናቡ የእሳቸውን ነጠላ ይመታዋል፤ ጠብ የሚለው ውኃ ንጹሕ ነው። አንጓችን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «አልቅሽ ልጄ፣ አልቅሽ» አሏት። እሷም እሪ አለች። በገበያው የነበሩ ባለከል ሴቶች ሁሉ ተሰበሰቡብኝ። አንዷ ትረግመኛለች፣ አንዷ ጭቃ ትወረውርብኛለች፣ አንዷ ነጠላዬን ትጎትታለች። ከምሽጉ ውስጥ ጣሊያኑ ብቅ ብሎ ጫጫታው ምን እንደሆነ ጠየቀ። አስተርጓሚው፣ አንዲት አታላይ ቀለም ነካሪን ሴቶቹ እየደበደቧት ነው አለው። ጣሊያኑ ስቆ በእጁ አባሯቸው የሚል ምልክት ሰጠና ከዝናቡ ሸሽቶ ገባ። ግራዝማቹም በሴቶች ጠብ መሀል መቆሙ አሳፈረው መሰለኝ፣ አንጓችን ሂጂ አላት። ለኔ ግን ከእንግዲህ ሰው እንዳላታልል ጋኖቼ እንዲሰበሩ አዘዘ።

ሰዎቹ በማግስቱ መጥተው ጋኖቹን ሰበሩ። እማሆይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ሲሰበሩ አዩ። ሰዎቹ ሲሄዱ ጉንጬን ቅቤ እየቀቡኝ «ዕድሜዬን ሙሉ እንዳይለቅ ስታገል ኖርኩ። እንዲለቅ ብዬ አንድ ብሠራ፣ ቀኑን ሳይጠብቅ ለቀቀ» አሉ። መሳቃቸው ይሁን ማዘናቸው አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ከበደኝ። ወሬው ከቡሬ እስከ ዱርቤቴ ከተማ ደረሰ። ሐዘንተኛን በአጋም ያታለለች ሴት ተባልኩ። ገበያ ስወጣ ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ያልፉኛል። ጋን ተበድረን ሥራ ብንጀምርም ከመነኮሳቱ ወይባ በቀር ልብስ የሚያመጣልን ጠፋ። ጥጥ እየፈተልኩ፣ ሣር እያጨድኩ ኖርኩ። አፍ አውጥቼ እንዲህ ነው እንዳልል የይስማው ነፍስ በአፌ ላይ ናት። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ እማሆይ ፊት ባለቅስ፣ «ያንቺ ስም ቆይቶ ይታጠባል፤ የሱ ስም ግን ዛሬ ከተነሳ ይጠፋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን እንጀራ አልሆነኝም።

አንጓች አንዳንዴ በወንዙ ማዶ ታልፋለች። ሰው እንዳይጠረጥር ሰላም አትለኝም። ቆም ብላ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ፣ እንዳየው ያህል ወደኔ አዙራ ትይዘዋለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። ልጁ መቆም ሲጀምር ያየሁት እንዲያ በሩቁ ነው።

እግዜር አይረሳም። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። ምሽጉ ሲጤስ ከላህ ዳገት ላይ ሆነን አየን፤ እልልታው ከመንደር መንደር ሲቀባበል ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ይስማው እያነከሰ፣ አንጓችን አስከትሎ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ጭኖ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። እማሆይ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። እግራቸው ላይ ሲወድቅ ፊቱን በእጃቸው ዳበሱት።

«እስቲ አሁን የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አሉት።

«ወልደ ሥላሴ ነኝ፣ እማሆይ።»

«ወልደ ሥላሴ» ብለው ደገሙት። «እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከባለቤቱ አፍ የሰማሁት ስም ይኸ የመጀመሪያው ነው።» ከዚያ ሳቁ። እማሆይ እንዲያ ከልብ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ ነው የሳቁ።

ይስማው በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቁሞ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። ሰው እየመጣ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሴቶቹ ሳሙኝ። እኔ ግን በልቤ አንድ ሸክም ቀርቶ ነበር። የወይዘሮ ደብሬ ነጠላ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንጓች ዘንድ ነበር፤ እሷ ለብሳው ነው እስከ ነፃነት የዘለቀችው። እኒያ ሴት ሁለት ሬሳ ያለቀሱበትን ልብስ፣ ባሏ ላልሞተ ሴት አልብሰው፣ በዝናብ ራቁት ትከሻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይህን ሲሰሙ ምን ይሰማቸው ይሆን? መስማታቸው ካልቀረ ከኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነጠላውን አጥቤ፣ አጣጥፌ ቡሬ ሄድኩ።

ደጃቸው ላይ ጌሾ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ገብቼ ተቀመጥኩ። ነጠላውን እፊታቸው አኑሬ፣ ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ መሬት መሬት እያየሁ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አንጓች ሐዘንተኛ እንዳልነበረች፣ እኔም ሐዘናቸውን ለሽፋን እንዳደረግኩት ተናግሬ፣ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉኝ።

ቀና አልኩ። ይስማው የተናገረው ቡሬ ድረስ ደርሶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ምን ይስማው አለ። ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።» ነጠላውን አንስተው በጣታቸው አሻሹት። «ይኸን የነከርሽው አንቺ አይደለሽ? እኔ ዘንድ ሳለ ክረምቱ አልፎበታል፣ ስንት ጊዜ በእንዶድ አጠብኩት፤ ያው ነው። እጅሽን አውቀዋለሁ። እናንተ ለሞተ ሰው የነከራችሁት አይለቅም። የዚያች ልጅ ልብስ እግሯ ላይ ሲወርድ ሳይ፣ የዚችስ ሰው አለ አልኩ። እናኑ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን መቱኝ?» አልኳቸው።

«ታዲያ በባንዳ ፊት ልሳምሽ ኖሯል?»

እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ እንባዬ መጣ፣ ይኸው ነው የሆነው። ሳቁም እንባውም ሲያልፍልን ምሳ አቀረቡ። በላን። የባላቸውንና የልጃቸውን ነገር አንስተው ብዙ አጫወቱኝ፤ ልጁ ሲዘፍን ድምፁ እንዴት እንደነበር፣ ባላቸው በሬ ሲጠምድ እንዴት ያፏጭ እንደነበር። ስነሳ ወደ ጓዳ ገብተው ትልቅ የፈትል ጥቅል ይዘው ወጡ። ትንሿ ልጃቸው ልትዳር ነው፤ ለጥለት የሚሆን ቀይ እንድነክርላቸው፣ የሚቸኩል እንዳልሆነ፣ ለጥር ቢደርስ እንደሚበቃ ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥቼ አላውቅም። እማሆይ ዕድሜ ጠግበው ሲያርፉ ማማሰያቸውን ለኔ ትተውልኝ፣ ስማቸውን ጠርቼ የራሴን ከል በራሴ እጅ ነከርኩ። ቆይቼ ፍኖተ ሰላም የእጅ ሥራ ቤት ገባሁ፣ ሦስት አለቃ ቀያየርኩ፣ አንዱም ክፉ አልነበረም። ይኸን ሁሉ ለልጆቹ ብነግራቸው ኖሮ ጠላው ይሞቅ ነበር።

የሥራ ዘመኔን ሳስብ ግን ብዙ ጊዜ የምመለሰው ወደዚያ ቀን ከሰዓት ነው። ከቡሬ ወደ ላህ እየተመለስኩ ነው። መንገዱ ላይ ባንዳ የለም፣ ኬላ የለም። ፈትሉን በራሴ ተሸክሜ፣ ሰው በሚያየኝ በመንገዱ መሀል እሄዳለሁ። አንድ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ አብሮኝ ትንሽ ሄደና ሸክሜን አይቶ፣

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ ተሸክመሽ የሚያስቅሽ?» አለኝ።

«ሥራ ነው፣ አባ» አልኩት። «ሥራ ሰጡኝ።»